ዝም የተባለበት ደም

ኑሰይባ ልብስ ሰፊ ናት። ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ፣ አንድ የቆየ ፎቅ ሥር፣ በፎቶ ቤትና በጫማ ጠጋኝ መካከል ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የወንድ ሙሉ ልብስ ትሰፋለች። ሙያውን ያስተማራት ባሏ ነበር። እሱ ሲሞት ደንበኞቹ "ሴት ሱፍ ትሰፋለች እንዴ?" እያሉ አንድ ሰሞን ራቁ። ኋላ የኮት ትከሻ እንደ እሷ የሚያስቀምጥ ሲያጡ አንድ በአንድ ተመለሱ። አልተቀየመቻቸውም። ልካቸውን እንደገና እየወሰደች "እኔን ስትሸሽ ነው እንዲህ የወፈርከው?" ብላ ቀልዳባቸው ሥራዋን ቀጠለች። እንደ አራዳ ልጅነቷ ምላሷ ፈጣን ነው። የጀመረችውን ነገር ደግሞ ሳትጨርስ ከመቀመጫዋ አትነሳም።

አንድ ነገር ብቻ ነበረባት። መርፌ ከወጋት ደሟ በቀላሉ አይቆምም። ሌላው ልብስ ሰፊ ጣቱን ምጥጥ አድርጎ ሥራውን ሲቀጥል፣ እሷ ጥጥ ይዛ ትቀመጣለች። ነጭ ጨርቅ የምትሰፋ ቀን ጣቶቿን አስቀድማ በፕላስተር ትጠቀልላለች። ሰውነቷን ትንሽ ነገር ከነካው ይበልዛል። የወር አበባዋም ከልጅነቷ ጀምሮ አልጋ ላይ የሚጥል ዓይነት ነበር። ይህን ሁሉ እንደ በሽታ ቆጥራው አታውቅም። እናቷ ከዲጃ "የእኛ ቤት ሴት እንዲህ ናት፤ ለሰው ግን አይወራም" ብላ ነው ያሳደገቻት።

ወደ ሃምሳ ዓመቷ ስትጠጋ ደሙ ባሰ። ስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗ እየጨለመ፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ እየደለቀ አስቸገራት። ሐኪም ቤት ስትሄድ ማዮማ ነው አሏት፤ ማህፀኗ ውስጥ እጢ አለ፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል ተባለች። የአልጋ ተራ እስኪደርሳት ብዙ ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስም ደስ ብሏት የጀመረቻቸውን ኮቶች አጣድፋ ጨርሳ፣ ሱቋን ዘግታ ሄደች።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሰመመን የምትሰጥ ሐኪም ታያታለች ተባለችና አንዲት ትንሽ ክፍል ገባች። ሐኪሟ ምኞት ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት፣ ስትናገር አትቸኩልም። ስለ አስም ጠየቀቻት፣ ስለ ስኳር፣ ስለምትወስደው መድኃኒት፣ የሚነቃነቅ ጥርስ እንዳላትም ጠየቀቻት። ቀጥላ እንዲህ አለች፦

"ከእናትዎ ወይም ከአባትዎ ወገን ጥርስ ሲነቀል፣ ሲገረዝ ወይም ሲወልድ ደም አልቆም ብሎት የተቸገረ ሰው አለ?"

ኑሰይባ ሳታስበው "የለም" አለች። ቃሉ ከአፏ የወጣው ከልጅነቷ ጀምሮ እንደለመደችው ነው።

ዶክተር ምኞት ለምን እንደጠየቀች ነገረቻት። ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መርፌ የሚወጋው ከአከርካሪው አጠገብ ነው። የሰውዬው ደም በወጉ የሚረጋ ካልሆነ፣ እዚያ ውስጥ የሚጠራቀመው ደም ነርቩን ሊጫነው ይችላል፤ ያኔ እግር መራመድ ሊያቅተው ይችላል። እንዲህ ያለው ጉድለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዘር ስለሚመጣ፣ ከመርፌው በፊት ስለ ቤተሰብ መጠየቅ ግድ ነው። ይህን ብላ መልካሙን ሁሉ ተመኘችላትና ሸኘቻት።

ኑሰይባ ወጥታ እስከ ግቢው በር ድረስ ሄደች። በሩ ላይ ቆመች። የእናቷ ወንድም እንድሪስ ወሎ ሐይቅ ከተማ ጥርሱን ተነቅሎ በዚያው እንደቀረ ታውቃለች። የእናቷ ታናሽ ረይሀና እዚሁ ፒያሳ በአራስነቷ እንደሞተች ታውቃለች፤ ኑሰይባ ያኔ ልጅ ነበረች፣ ከቤት ወደ ውጭ የሚወጣውን የአንሶላ ክምር እስካሁን አልረሳችውም። ሁለቱም "በዓይን ሄዱ" ነው የሚባለው። ስለ ደም ያነሳ ሰው የለም። ከሐኪም ፊት ቁጭ ብላ የለም ያለችው ይህን ሁሉ እያወቀች ነው። ለጎረቤት መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ ጀርባዋ ላይ መርፌ ለምትወጋት ሴት መደበቅ ግን የባሰ ሆኖ ታያት።

ተመልሳ በሩን አንኳኳች።

"ዶክተር፣ ቅድም የነገርኩዎት ውሸት ነው" አለች።

ምኞት አልተቆጣቻትም። በሩን ዘግታ አስቀመጠቻትና እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ሰምታ ስታበቃ፣ የተለመደው የደም ምርመራ ደህና ነው ቢልም እሱ የማይደርስበት የጉድለት ዓይነት እንዳለ ነገረቻት። ለዚያ የተለየ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ነው የሚመጣው፣ ጊዜም ይወስዳል። እስከዚያ ግን የአክስቷን አሟሟት በደንብ የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቃ እንድትመጣ ፈለገች። ደሙ ወዲያው ነው የጀመረው ወይስ ቆይቶ? በአንዴ ነው የወረደው ወይስ እየቆመ እየጀመረ? ከዚያ በፊትስ ያስቸግራት ነበር? የዚህ መልስ ምርመራው በምን ላይ እንደሚያተኩር ያመላክታል አለች።

ቀዶ ሐኪሙ ነገሩን አልወደደውም። ተራው ካለፈ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም፤ ደግሞም በሰውነቷ ያለው ደም እያነሰ ሄዷል፣ መዘግየቱም የራሱ አደጋ አለው አላት ምኞትን። ልክ ነበር። ምኞት ግን ሳይታወቅ መርፌ አልሰጥም አለች፤ ጉልበት የሚሆን ደም እየተሰጣት፣ መድማቱን የሚቀንስ ኪኒን እየወሰደች ልትጠብቅ ትችላለች አለች። ሁለቱ ሐኪሞች ወደ ኑሰይባ ዞሩ።

"ተራው ይለፈኝ" አለች ኑሰይባ።

*

እናቷ ከዲጃ ከወሎ የመጣችው ገና በልጅነቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዋን በሙሉ የኖረችው ከውቤ በረሃ ጀርባ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቧንቧ በሚቀዳበት ግቢ ነው። ያ ግቢ ከነሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እነ ኑሰይባ ከሱቁ ሳይርቁ እዚያው አራዳ ቤት ተከራይተዋል፤ ከዲጃ፣ ኑሰይባና የኑሰይባ ብቸኛ ልጅ ኡሙሰልማ። ኡሙሰልማ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ባንክ ቤት ለሚሠራ ኢህሳን ለሚባል ሰው ታጭታለች፤ ኒካሁም ተቃርቧል።

ኑሰይባ ቀዶ ሕክምናው የተላለፈበትን ምክንያት ለእናቷ ስትነግራት አሮጊቷ መስገጃዋን እያጠፈች ነበር። እጇ ቆመ።

"ለማን ነው የተናገርሽው?" አለች።

"ለሐኪም።"

"ሐኪም ሰው አይደለም? ዛሬ ለሐኪም የተነገረ ነገ ገበያ ይወጣል። የልጅሽ ኒካህ ይለፍ፤ ከዚያ ወዲያ የፈለግሽውን ተናገሪ።"

"ከኒካሁ በኋላ የሚመጣው ወሊድ ነው እማዬ። ረይሀናም ኒካሁን በደህና አልፋው ነበር።"

ከዲጃ የእህቷን ስም ስትሰማ ፊቷን አዞረች። "ዝም አይነቅዝም" አለች ቀስ ብላ።

"የእኛ ቤት ዝም ነቅዟል" አለች ኑሰይባ። "ሰው በልቷል።"

በማግስቱ የኑሰይባ ወንድም ሱሀይብ መጣ፤ እናቱ ጠርታው ነው። የእህቱን ልጅ የሚድረው እሱ ስለሆነ ነገሩ ከብዶታል። ደጉን ክፉውን አነሳ። የኢህሳን ዘመዶች ትልቅ ቤት መሆናቸውን፣ ደሟ ችግር አለበት የተባለች ልጅ ተመልሳ ፈላጊ እንደማይኖራት፣ ማዮማ ያወጡ ሴቶች ሁሉ ይህን ሳይጠየቁ ድነው መግባታቸውን እየዘረዘረ ለመናት። ኑሰይባ አቋርጣው አታውቅም፣ አሁንም አላቋረጠችውም። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ረይሀና ስትሞት አጠገቧ የነበረው ማን ነው?

ሱሀይብ እናቱን አየ። እናቱ መሬት መሬት አየች። መልሱን ሦስቱም ያውቁታል።

አጠገቧ የነበሩት እትዬ ለተኪዳን ናቸው። በዚያ ግቢ ከቧንቧው ማዶ የሚኖሩ ጎረቤት ነበሩ። ከዲጃ ያኔ ለለቅሶ ወሎ ወርዳ ስለነበር ረይሀናን ሲያርሷት የሰነበቱት እሳቸው ናቸው። ከዲጃ ስትመለስ እህቷ ተቀብራለች፤ ጨቅላውም አርባውን ሳይሞላ ተከተላት። ያን ጊዜ ከሰፈሩ አንዷ፣ ለተኪዳን ነፍሰ ጡሯን "ደም ግባትሽ እንዴት ያምራል" ስትላት ሰምቻለሁ ብላ አወራች። ከዚያ በኋላ ወሬው ማቆሚያ አጣ። ዓይኗ ነው የበላት ተባለ። ከዲጃ ለተኪዳንን ሰላም ማለት አቆመች፤ ልጆቿንም በዚያ በኩል እንዳያልፉ ከለከለች። ለተኪዳን ውሃ ሊቀዱ ሲመጡ ሴቶቹ እንስራቸውን እያነሱ ይሸሿቸው ነበር። ኑሰይባ አድጋ አግብታ ወልዳ፣ ግቢው ራሱ እስኪፈርስ ድረስ እንዲሁ ተኖረ። ሰፈሩ ሲነሳ ሁሉም እየተላቀሰ ሲለያይ ለተኪዳን ዕቃቸውን ጭነው ማንንም ሳይሰናበቱ ሄዱ።

ስልካቸውን የሚያውቅ አልተገኘም። ከከተማው ዳርቻ ቤት እንደተሰጣቸው ይወራል እንጂ የትኛው ሕንፃ እንደሆነ የሚናገር ጠፋ። ኑሰይባ ስታወጣ ስታወርድ፣ ጫማ ጠጋኙ ጎረቤቷ አቶ ገብረዮሐንስ መላ አመጡላት። ከፒያሳ የወጣ ክርስቲያን የት ቢሄድ ጊዮርጊስን አይተውም፤ በወሩ በሃያ ሦስት ከደጁ ጠብቂ አሏት።

ጠበቀች። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ከጊዮርጊስ ቅጥር ሥር፣ ጧፍ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ቆመች። አቅም ስለሌላት ጥቂት ቆማ ጥቂት ትቀመጣለች። ከጧፍ ሻጮቹ አንዷ የራሷን በርጩማ ሰጠቻት። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ነጠላው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነባትና ዓይኗ ተምታታ። ለተኪዳን ግን ራሳቸው ናቸው ያወቋት። አርጅተዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል፣ ቁመታቸው ግን አልጎበጠም። ከፊቷ መጥተው ቆሙ።

"የከዲጃ ልጅ አይደለሽም?" አሉ።

"ነኝ እትዬ።"

"እናትሽ ሞተች እንዴ?"

"በሕይወት አለች። እኔ ነኝ የምፈልግዎት።"

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡና "ቆሜ መስማት አልችልም" ብለው ቀድመዋት መንገድ ተሻገሩ። ከአደባባዩ ማዶ አንዲት ሻይ ቤት ገብተው ጥግ ያዙ። ኑሰይባ ነገሩን ከሥሩ ነገረቻቸው፤ ማዮማውን፣ የሐኪሟን ጥያቄ፣ መጀመሪያ መዋሸቷን፣ የልጇን ኒካህ ሳይቀር። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። ስለ ዓይኑ ወሬም አነሳች። "እኛ ያደረግንብዎትን አውቃለሁ፤ ይህን ሁሉ ችለው ይነግሩኝ እንደሆነ ብዬ ነው የመጣሁት" አለች።

ለተኪዳን ሻዩን አልነኩትም። ወደ ጎን ገፋ አድርገው መናገር ጀመሩ።

ረይሀና የወለደች ዕለት ደህና ነበረች። ደሙ እንደ ጎርፍ አልወረደም። ቀናት ካለፉ በኋላ ነው የጀመረው፤ ጥቂት በጥቂት፣ ቆመ ሲሉ እየጀመረ፣ ሌሊቱን ሲያባራ ጧት እያገረሸ። ሐኪም ቤት እንውሰዳት ሲሉ ባሏ በማግስቱ ይመጣል፣ እሱ ሳይኖር አይሆንም ተባለ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ገላዋ ነጥቷል፤ ሐኪሞቹ ደም ቢሰጧትም መርፌ በወጓት ቦታ ሁሉ ይንጠባጠብ ነበር። ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊትማ ወሯ ሲመጣ የምትተኛው እሳቸው ቤት ነበር፤ እነ ከዲጃ ቤት እንግዳ ስለማይጠፋ እንዳታፍር። እናቷም እንደዚሁ እንደሚያደርጋት ነግራቸዋለች።

"ይህን ያኔ ለምን አልተናገሩም?" አለች ኑሰይባ። "ዓይን እያሉ ስምዎትን ሲያጠፉ አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር።"

"ምያለሁዋ" አሉ ለተኪዳን። "አማቶቼ እንዳይሰሙ፣ በምትወጃት በማርያም ማይልኝ አለችኝ። ማልኩላት። በሞተች ማግስት መሐላዬን ልብላ?"

አሮጊቷ እጃቸውን በኑሰይባ እጅ ላይ አደረጉ።

"ዛሬ የምትጠይቂኝ ለነፍስ ነው" አሉ። "ማርያምም አትቀየመኝም። ሂጂና ለሐኪሟ ንገሪ። ስሟን ጠርተሽ፣ ረይሀና ነበረች በያት።"

*

ኑሰይባ የሰማችውን ለዶክተር ምኞት ነገረቻት፤ ናሙናውም ተልኮ መጠበቅ ሆነ። በዚያ መካከል ግን ልጇን አስቀምጣ ሁሉንም አጫወተቻት። ኡሙሰልማ አልጮኸችም፤ የተቆጣችው በሌላ ነገር ነው። በተማሪነቷ በወር አበባዋ ምክንያት ከትምህርት ቤት የቀረችበትን ቀን ሁሉ፣ ለጓደኞቿ የፈጠረችውን ሰበብ ሁሉ አንድ በአንድ አነሳች። ይህን ሁሉ ዓመት መድኃኒት ሊኖረው የሚችል ነገር ይዤ ነው አፍሬ የኖርኩት? አለች። ልጅቷም ናሙና ልትሰጥ በራሷ ሄደች፤ ከዚያው ወጥታ ቸርችል ጎዳና ወደሚገኘው ባንክ ሄዳ ኢህሳንን አስጠራችው።

ኢህሳን የሰማውን ለቤተሰቡ ሲነግር አጎቶቹ ኒካሁ ይቆየን አሉ። ሱሀይብ ይህን ሲሰማ አላልኩሽም? ብሎ እህቱ ላይ ገነፈለ። ኑሰይባ ይቆይ እንጂ ምን አለበት አለችው። አውቆ የሚወስዳት ይሻለናል፤ ሳያውቅ ወስዷት አራስ ቤት ደም ሲያይ ከሚደነግጥ ባል አላህ ያውጣን አለች። ሱሀይብ በሩን ገጭ አድርጎ ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን፣ ጥርሱን ባስነቀለ ጊዜ ትራሱ እንዴት ረጥቦ እንዳደረ ትዝ ብሎት ነው መሰል፣ እሱም ሹልክ ብሎ ሄዶ ክንዱን ለምርመራ ሰጠ።

ውጤቱ መጣ። ዶክተር ምኞት እናትና ልጅን አብራ ጠርታ፣ ደም እንዲረጋ የሚያግዘው አንድ ነገር በደማቸው ውስጥ አንሶ መገኘቱን ነገረቻቸው። ስሙን ቮን ዊልብራንድ ብላ ነገረቻቸው፤ ኡሙሰልማ ደግማ ደጋግማ እያለች አጠናችው። ከእናት ወይም ከአባት ይወረሳል፤ ሴትም ወንድም ይይዛል፤ አስቀድሞ ከታወቀ ለቀዶ ሕክምናም ለወሊድም መድኃኒት ይዘጋጅለታል። ሳይታወቅ ግን ሰው ይወስዳል።

"መርፌው ከወገቤ ቢገባ ኖሮ?" አለች ኑሰይባ።

"ምንም ላይሆኑም ይችሉ ነበር" አለች ምኞት። "ግን እየገመትኩ መርፌ መውጋት አልወድም።"

ማታ ከዲጃ ዘንድ ቁጭ ብለው ነገሩን አስረዷት። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰማች። ስለ ለተኪዳንና ስለ መሐላው ሲነግሯት ግን ተነስታ ውዱእ ልታደርግ ወጣች፤ ሰግዳም ከመስገጃዋ ሳትነሳ ብዙ ቆየች።

ቀዶ ሕክምናው ሌላ ተራ እስኪገኝ ቆየ። መድኃኒቱም እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም። ደማቸው የማይረጋ ሰዎች የመሠረቱት ማኅበር ነው ተሯሩጦ ያገኘላቸው። በቀጠሮዋ ዕለት ኑሰይባ ከወገብ የሚወጋው መርፌ ቀርቶላት በሙሉ ሰመመን እንድትተኛ ተደረገ፤ መድኃኒቱም አስቀድሞ በደም ሥሯ ገባ። ከመተኛቷ በፊት ምኞት ከራስጌዋ ቆማ ዝግጁ መሆኗን ጠየቀቻት። ኑሰይባ እኔስ ዝግጁ ነኝ፣ እናንተ ክሩን በደንብ ቋጥሩት፣ ስፌት አውቃለሁ አለች። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

ደህና ነቃች። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ቁስሉ ሊድን ሲል ደሙ እንደገና ጀመራት። እንደ ረይሀና፣ ጥቂት በጥቂት፣ ቆመ ሲሉ እየጀመረ። ኡሙሰልማ ሐኪም ልትጠራ ሮጠች። ሐኪሞቹ ግን ይህን ይጠብቁት ነበር፤ ለዚህ ብለው ወደ ቤት እንዳትሄድ አቆይተዋታል፣ መድኃኒቱንም አስቀምጠውላታል። ሰጧት። ቀስ እያለ ቀነሰ፣ ከዚያ ቆመ። ኑሰይባ ጣሪያውን እያየች ተኝታ ያቺ አክስቷ በዚህች ሰዓት ምን አስባ ይሆን? ብላ አሰበች። ለመጀመሪያ ጊዜም ለረይሀና አለቀሰችላት።

አንድ ከሰዓት ኢህሳን ሊጠይቃት መጣ። ብርቱካን ይዞ፣ ከረባቱን አላልቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አጎቶቹን ወደ ዶክተር ምኞት ወስዶ እንዳስጠየቃቸው፣ እሷም ከጋብቻ የሚከለክል ነገር እንደሌለ፣ ኡሙሰልማ ስታረግዝ ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሐኪም እንዲያውቅ እንደነገረቻቸው አጫወታት። አንደኛው አጎት እስካሁን አኩርፈዋል አለ። እሳቸው ባይመጡም ኒካሁ ይታሰራል አለ። ኑሰይባ ኮትህን እኔ ነኝ የምሰፋው፣ እስክነሳ ጠብቅ አለችው። ጠበቀ፤ ኒካሁም እሷ ስትበረታ ታሰረ፤ ያኮረፉትም አጎት ዘግይተው መጥተው ከፊት ተቀመጡ።

*

ኑሰይባ ሱቋን ከፍታ መሥራት እንደጀመረች አንድ ማለዳ ከዲጃን ነጠላዋን ለብሳ ከበሩ ቆማ አገኘቻት።

"ለተኪዳን ያለችበት ትወስጂኛለሽ?" አለች።

ለተኪዳን አሁን ስልካቸውን ሰጥተዋል። ኑሰይባ ደወለችላቸው፤ ይምጡ አሉ። እናትና ልጅ ታክሲ እየቀያየሩ ከተማው ዳር ደረሱ። ሕንፃው ረጅም ነበርና ከዲጃ ደረጃውን እያረፈች፣ መደገፊያውን ይዛ ወጣች። ኑሰይባ ልትደግፋት ብትል እንቢ አለች።

ለተኪዳን በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ሁለቱ አሮጊቶች ደፍ ላይ ተያዩ። ከዲጃ በመንገድ ላይ ስትዘጋጅበት የመጣችው ቃል ሁሉ ጠፋት። ጎንበስ ብላ የለተኪዳንን ጉልበት ልትይዝ ስትል ለተኪዳን ትከሻዋን ይዘው ከለከሏት።

"እህቴን አስታመምሽልኝ" አለች ከዲጃ። "ምስጢሯን ጠበቅሽላት። እኔ ግን ዕድሜሽን በላሁብሽ። አውፍ በይኝ።"

ለተኪዳን ከባድ እንደነበረ ነገሯት፤ ውሃ ስቀዳ እንስራ ይዘው ሲሸሹኝ ማልቀስ እንኳ አፈርኩ አሏት። ልጆቼ ከልጆችሽ ጋር መጫወት አምሯቸው አደጉ አሏት። ከዲጃ ሁሉንም ቆማ ሰማች፤ አንዱንም አላስተባበለችም። ሲጨርሱ ለተኪዳን እጇን ይዘው አስገቧት።

"ግቢ" አሉ። "የረይሀናን ነገር ላጫውትሽ። ስትስቅ አፏን የምትሸፍነው ትዝ ይልሻል?"

ሲመሽ ኑሰይባ እንሂድ ብትል ከዲጃ እዚህ አድራለሁ አለች።

ከዚያ ወዲህ ኑሰይባ የዘመዶቿን ቤት ታዳርስ ጀመር። ለለቅሶ ስትሄድም፣ ለሠርግ ስትሄድም ሴቶቹን ጥግ ይዛ ስለ መድማት ትጠይቃለች፤ ወንዶቹንም አትተውም። ወዳጅ የሆነላት አለ፣ ፊቱን ያጠቆረባትም አለ። አንዷ የአክስት ልጅ ቤታችን በሽታ አለ ብላ ልታስወራብን ነው ብላ ሰላምታ ነስታታለች። ኑሰይባ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ትላለች፤ የነሳቻትንም ሰላምታ በየበዓሉ እየደወለች ትሰጣታለች።

በቅርቡ ከደሴ ስልክ ተደወለ። የደወለችው የእንድሪስ የልጅ ልጅ ናት፤ ልትወልድ ተቃርባለች፣ ሐኪሞቹም በቀዶ ሕክምና ነው የምትወልጂው ብለዋታል። የመድማት ችግር አለባት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ። ባሏ ግን ሐኪም ፊት ይህን አታንሺ ብሏታል። ልጅቷ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

ኑሰይባ ስልኩን ዘግታ ለዶክተር ምኞት ደወለች፤ ምን ምን መባል እንዳለበት ጠየቀች፣ ደሴ ያሉትን ሐኪሞች ማናገር ትችል እንደሆነም ጠየቀች። እችላለሁ አለቻት። ከዚያ የሚጠብቁትን ሁለት ደንበኞች ጠርታ ሱሪያችሁ ይቆያል አለቻቸው። ለምን ሲሏት ዘመድ ልጠይቅ ነው አለች። ሱሀይብ ብቻሽን አትሄጂም ብሎ የራሱን ሱቅ ዘግቶ መጣ።

በማግስቱ ጧት ወንድምና እህት የደሴ አውቶቡስ ላይ ወጡ። ኑሰይባ የመስኮቱን ወንበር ያዘች፤ ለባልየው የምትለውን በልቧ እያዘጋጀች ነበር።